አዲ ዳስለር፡ ከጫማው በፊት እግሩን ያየው ሰው

ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈር ግጥሚያ ሲያልቅ ሜዳው ዳር የሚታየውን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ተጫዋቹ ድንጋይ ላይ ዘጭ ይልና ፊቱን እያጨማደደ ታኬታውን ያወልቃል። ካልሲው ሲወጣ ተረከዙ ውሃ ቋጥሯል፣ የአውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሯል። አንዳንዱ ጭራሽ መልሶ ማድረግ ያቅተውና ታኬታውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ በባዶ እግሩ ወደ ቤቱ ያዘግማል። የዚህ ጽሁፍ አቅራቢም ከነዚህ አንዱ ነበር። ቁጥሬ 42 ሆኖ ሳለ የተገኘው 41 ስለነበር ሲደረግ ይለቃል ብዬ ገዛሁ። ታኬታው ሳይለቅ ጥፍሬ ለቀቀ!

ዛሬ የህይወት ታሪኩን የምናወጋችሁ ሰው ዕድሜ ልኩን የታገለው ከዚህችው ችግር ጋር ነው። ስሙን በየቀኑ እናየዋለን። በማሊያ ላይ፣ በታኬታ ላይ፣ በቱታ ላይ፣ በታክሲ ወንበር ሽፋን ላይ ሳይቀር አለ። የሰው ስም መሆኑን ግን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። አዲዳስ ማለት አዲ ዳስለር ማለት ነው። አዲ የአዶልፍ ቁልምጫ ሲሆን፣ ዳስ ደግሞ የቤተሰቡ መጠሪያ መጀመሪያ ነው። (በዚህ ጽሁፍ ያሉት ዓመተ ምህረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዳቦ ጋጋሪ ሊሆን የነበረው ልጅ

አዶልፍ ዳስለር ኖቬምበር 3 ቀን 1900 በጀርመን ባቫሪያ ግዛት፣ ከኑረምበርግ ብዙም በማትርቀው ሄርዞገናውራክ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ክሪስቶፍ የጫማ ፋብሪካ ሰራተኛ ነበር። እናቱ ፓውሊነ ደግሞ ቤቷ ውስጥ የሰው ልብስ እያጠበች ኑሮውን ትደጉም ነበር። የታጠበውን ልብስ ለየደንበኛው ቤት የሚያደርሱት ልጆቿ ነበሩ።

አባትየው ለትንሹ ልጃቸው የመረጡለት ሙያ ዳቦ ጋጋሪነት ነበር። አዲም የአባቱን ቃል አክብሮ ሙያውን ተማረ፣ ጨረሰም። ልቡ ግን ከዱቄቱ ጋር አልነበረም። ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ይወረውራል፣ ኳስ ይጫወታል። ችግሩ ለዚህ ሁሉ ስፖርት የሚደረገው ጫማ ያው አንድ ዓይነት መሆኑ ነበር። አዲ ይሄ ነገር አልዋጥልህ አለው። የሚሮጥ ሰው እግር የሚፈልገውና ኳስ የሚመታ ሰው እግር የሚፈልገው እንዴት አንድ ይሆናል? የህይወቱ ስራ በሙሉ ለዚህች ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው ማለት ይቻላል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ለውትድርና ተጠርቶ ሄደ። ሲመለስ ሀገሩ ተሸንፋለች፣ ስራ የለም፣ ገንዘብ የለም። ሰው ልብስ ለማሳጠብም አቅም ስላጣ የእናቱ ስራ ቀዝቅዟል። አዲ ታዲያ ባዶ የቀረችውን የልብስ ማጠቢያ ክፍል የጫማ መስሪያ አደረጋት። ቆዳ ከየት ይመጣል? ጦሩ ጥሎት ከሄደው ኮተት ነዋ! የወታደር ቦርሳ፣ የብረት ቆብ ውስጥ ያለ ቆዳ፣ የተገኘውን ሁሉ እየሰበሰበ ቆርጦ ሰፋ። መብራት አስተማማኝ ስላልነበር ብስክሌት ከማሽን ጋር አገናኝቶ በፔዳል ኃይል ቆዳ ያስተካክል ነበር። መጀመሪያ የሰራው ሰው ሊገዛው የሚችለውን ርካሽ የቤት ጫማ ነው። ቀስ እያለ ወደሚወደው የስፖርት ጫማ ገባ።

ዝምተኛውና ተናጋሪው

አዲ ዝምተኛ ነበር። ከሰው ጋር ከማውራት ይልቅ ከቆዳና ከመዶሻ ጋር መዋል ይመርጣል። በሁለት ዓመት የሚበልጠው ወንድሙ ሩዶልፍ ደግሞ ጨዋታ አዋቂ፣ ሻጭ፣ ገበያ የሚገባው ሰው ነበር። አንዱ ይሰራል፣ አንዱ ይሸጣል። እንዲህ ያለ ቅንጅት ከየት ይገኛል? ሁለቱ ወንድማማቾች በ1924 የዳስለር ወንድማማቾች ጫማ ፋብሪካን አቋቋሙ። በዓመቱ ለእግር ኳስ ጥርስ ያለው ታኬታ፣ ለሩጫ ደግሞ ስፓይክ መስራት ጀመሩ።

አዲ ጫማውን የሚሞክረው በራሱ እግር ነበር። አድርጎት ይሮጣል፣ ኳስ ይመታበታል፣ የጎረበጠውን ቦታ ያስታውሳል፣ ተመልሶ ይፈታዋል። ከስፖርተኞች ጋር ሲገናኝም ዓይኑ እግራቸው ላይ ነው። የት ጋ ነው የሚያሳክክህ፣ የት ጋ ነው የሚጫንህ እያለ ይጠይቃል፣ ይለካል፣ ማስታወሻ ይይዛል። ፕሮፌሽናል ክለቦች ዛሬ በኮምፒውተር የሚሰሩትን ስራ እሱ በእርሳስና በሜትር ይሰራው ነበር።

ውጤቱ ብዙም አልቆየም። በ1928 የአምስተርዳም ኦሊምፒክ ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ የሴቶች 800 ሜትርን ስታሸንፍ እግሯ ላይ የነበረው የዳስለሮች ጫማ ነው። በ1936 የበርሊን ኦሊምፒክ ደግሞ አራት ወርቅ የጠረገው ጥቁር አሜሪካዊ ጄሲ ኦውንስ የዳስለር ስፓይክ አድርጎ ሮጠ።

አዲ በዚህ ሁሉ መሃል አውቄያለሁ ብሎ አልተቀመጠም። ሰላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ፒርማዘንስ በምትባል ከተማ ወደሚገኝ የጫማ ሙያ ትምህርት ቤት ገባ። እዚያም የፎርማ ሰሪ ልጅ የሆነችውን ኬተን አገኘ፤ በ1934 ተጋቡ። ፎርማ ማለት ጫማ የሚወጠርበት የእንጨት እግር ነው። መርካቶ ያሉ ጫማ ሰሪዎች አሳምረው ያውቁታል። ቆዳው የፈለገውን ያህል ቢያምር፣ ስፌቱ የፈለገውን ያህል ቢጠነክር፣ ፎርማው የሰው እግር ካልመሰለ ጫማው ያው እግር መቆንጠጡ አይቀርም። አዲ የፎርማ ሰሪ አማች መሆኑ እንግዲህ ዕድል ብቻ ነው ለማለት ይከብዳል።

ጥቁሩ ጊዜ

የዚህን ሰው ታሪክ ስናወሳ የማይወደደውንም መናገር አለብን። ሂትለር ስልጣን በያዘበት በ1933 ሁለቱም ወንድማማቾች የናዚ ፓርቲ አባል ሆኑ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፋብሪካው ጫማ ማምረቱን ትቶ ታንክ መምቻ መሳሪያ ወደማምረት ዞረ። ጦርነቱ ሲያበቃ ሁለቱም በአሜሪካኖች ስር በተካሄደው የናዚ ማጣራት አለፉ። ሩዶልፍ ታስሮም ነበር። ሲፈታ ያሳሰረኝ የገዛ ወንድሜ ነው የሚል ጥርጣሬ ይዞ ወጣ።

ቀድሞውንም በአንድ ቤት የሚኖሩት ሁለቱ ቤተሰቦች አይስማሙም ነበር። ጦርነቱ፣ እስሩና ጥርጣሬው ሲጨመርበት ነገሩ ፈነዳ። በ1948 ፋብሪካው ለሁለት ተከፈለ። ሰራተኛው ከማን ጋር እንደሚሄድ ተጠየቀ። ከሻጮቹ ብዙዎቹ ሩዶልፍን ተከተሉ፣ ከጫማ ሰሪዎቹ ብዙዎቹ አዲ ጋ ቀሩ። ሩዶልፍ ወንዝ ተሻግሮ የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። ያ ኩባንያ ዛሬ ፑማ የምንለው ነው። አዲ ደግሞ በ48 ዓመቱ ከ47 ሰራተኞች ጋር እንደገና ከዜሮ ጀመረ። ኦገስት 18 ቀን 1949 አዲዳስን አስመዘገበ።

ሶስቱን መስመሮች ሁላችንም እንደ ጌጥ ነው የምናያቸው። አመጣጣቸው ግን ሌላ ነው። በጫማው ጎንና ጎን የሚሰፉት የቆዳ ጥብጣቦች መጀመሪያ የገቡት ጫማው እንዳይለጠጥና እግር እንዳይዋልል መሃሉን ለመደገፍ ነበር። አዲ ጥብጣቦቹን ከሩቅ እንዲለዩ አደረጋቸው፣ ስራ የነበረው ነገር ምልክት ሆነ። ፋሽን የሚመጣው አንዳንዴ እንዲህ ነው።

ከተማዋ ግን ለሁለት ተሰነጠቀች። በአውራክ ወንዝ ወዲህ ያለው የአዲዳስ፣ ወዲያ ያለው የፑማ። ሁለት የኳስ ክለብ፣ የየራስ ዳቦ ቤት፣ የየራስ መጠጥ ቤት። ሰው ከሰው ጋር ከመነጋገሩ በፊት ጎንበስ ብሎ ምን ዓይነት ጫማ እንዳደረገ ያይ ስለነበር ሄርዞገናውራክ አንገተ ጎንባሶች ከተማ የሚል ቅጽል ወጣላት። እኛ ሀገር የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ ቤት ውስጥ አብሮ በልቶ አብሮ ያድራል። እነሱ ጋ ጫማው ይህንንም ከልክሎ ነበር።

በርን፣ ጁላይ 4 ቀን 1954

አሁን የኳስ ወዳዱ ጆሮ ወደሚቆምበት እንምጣ። የ1954 የዓለም ዋንጫ የተዘጋጀው በስዊዘርላንድ ነው። ለፍጻሜ የደረሱት ሃንጋሪና ምዕራብ ጀርመን ናቸው። የዛን ጊዜዋ ሃንጋሪ ማለት በቃ አይነገርም። የ1952 የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ናት፣ በ1953 እንግሊዝን በዌምብሌይ 6 ለ 3 ቀጥታለች፣ ከ1950 ጀምሮ አልተሸነፈችም። ጀርመንንም በዚያው ዓለም ዋንጫ የምድብ ጨዋታ 8 ለ 3 አንኮታኩታታለች። ይሁንና በዚያ ጨዋታ ላይ ታላቁ ፑሽካሽ ቁርጭምጭሚቱን ተመትቶ ወጥቶ ነበር። ለፍጻሜው የተመለሰው ሙሉ በሙሉ ሳይድን ነው።

በጀርመን ተጠባባቂ ወንበር ላይ፣ ከአሰልጣኝ ሴፕ ሄርበርገር አጠገብ አንድ ዝምተኛ ሰው ተቀምጧል። አዲ ዳስለር ነው። ሻንጣው ውስጥ መዶሻ፣ መፍቻና ጥርስ በጥርስ የሆኑ መለዋወጫዎች አሉ። አዲስ ነገር ይዞ መጥቷል። የታኬታው ጥርስ እንደ ድሮው በምስማር የተመታ መሆኑ ቀርቶ በብሎን የሚፈታና የሚጠብቅ ሆኗል። መሬቱ ሲደርቅ አጭር፣ ሲጨቀይ ረጅም። ከዚያ ላይ ታኬታው ራሱ በጊዜው ከነበሩት ቀለል ያለ ነው። የዛን ጊዜ ታኬታ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚደርስ፣ ውሃ ሲጠጣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ ነበር። ሃቁን ለመናገር የብሎን ጥርስን የጀመርኩት እኔ ነኝ የሚለው ክርክር በሁለቱ ወንድማማቾች ኩባንያዎች መካከል ለዓመታት ዘልቋል። ፑማ ቀደም ብዬ ሰርቻለሁ ይላል። በዚያች ቀን ሜዳ ላይ የዋለው ግን የአዲ ነበር።

በዚያ ቀን በርን ላይ ዝናቡ አላባራም። ለጀርመኑ አምበል ፍሪትዝ ዋልተር ሲሳይ ነው። በጦርነቱ ወቅት ወባ ይዞት ስለነበር ሙቀት ያዳክመዋል፣ ዝናብ ሲሆን ነው የሚጫወተው። ጀርመኖች እስከዛሬ ዝናባማ የጨዋታ ቀንን በስሙ ይጠሩታል። ሄርበርገር ሰማዩን አየ፣ አዲም ረጃጅሞቹን ጥርሶች አሰረ።

ጨዋታው ተጀመረ። ፑሽካሽ በ6ኛው፣ ቺቦር በ8ኛው ደቂቃ አገቡ። 2 ለ 0! ሰው ሁሉ የሌላ ስምንት ጎል ዝናብ ጠበቀ። ሞርሎክ በ10ኛው ደቂቃ አንዷን መለሰ፣ ሄልሙት ራህን በ18ኛው አቻ አደረገ። ሜዳው እየላቆጠ ሄደ። ሃንጋሪዎች አጠቁ፣ ግንብ መቱ፣ በረኛው ቱሬክ አዳነ። በ84ኛው ደቂቃ ራህን ከሳጥኑ ጠርዝ ተከላካይ አታሎ በግራ እግሩ መታ። 3 ለ 2! ፑሽካሽ መጨረሻ ላይ ያገባት ጎል ከጨዋታ ውጪ ተብላ ተሻረች። ጀርመን ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች።

ዋንጫውን ያመጣው ታኬታው ነው ብሎ መደምደም የራህንን ግራ እግርና የቱሬክን እጅ መካድ ነው። ነገር ግን እግሩ ስር መሬት የሚከዳው ተጫዋችና መሬቱን የሚያምን ተጫዋች በጭቃ ላይ እኩል አይጫወቱም። በማግስቱ ትዕዛዝ ከየሀገሩ ጎረፈ፣ የጫማ ሰሪው ስም ዓለምን ዞረ።

የሁለቱ ወንድማማቾች ፉክክርና የእኛ ጀግና

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደኛ ይመጣል። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 በሮም ኦሊምፒክ ሻምበል አበበ ቢቂላ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የዓለምን ክብረወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ብዙ ሰው አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ አጥቶ ይመስለዋል። አዲስ ጫማ ነበረው። ግን እግሩን አልተስማማውም፣ ውሃ አስቋጠረው። በባዶ እግሩ ሲለማመድ የጠነከረውን እግሩን አምኖ ጫማውን ተወው። ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ግን ጫማ አድርጎ፣ ያውም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ህክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ዳግመኛ አሸነፈ። በቶኪዮ እግሩ ላይ የነበረው ጫማ የሩዶልፍ ኩባንያ የፑማ ስሪት ነው።

አንዳንዱ ሰው የሮምን ድል አይቶ ጫማ ለምኔ ይላል። የአበበ ታሪክ ግን የሚያስተምረው ሌላ ነው። እግሩን የሚያውቅ ሰው የሚጎዳውን ጫማ ጥሎ ይሄዳል፣ የሚስማማውን ሲያገኝ ደግሞ አድርጎ ይሮጣል። ዝምተኛው ጫማ ሰሪ በወርክሾፑ ሲል የኖረውም ይህንኑ ነው።

ከሻወር ቤት እስከ ፋሽን

አዲ ዕድሜው ሲገፋም ከመስሪያ ቤቱ አልራቀም። ልጁ ሆርስት በፈረንሳይ በኩል ንግዱን ሲያስፋፋ፣ ሚስቱ ኬተ ኩባንያውን አብራ ስትመራ፣ እሱ ያው ከሶልና ከስፌት ጋር ነው። በስሙ ያስመዘገባቸው የፈጠራ መብቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

ከስራዎቹ ሁሉ ለኛ ኑሮ የምትቀርበው አንዲት ተራ ነጠላ ጫማ ናት። የጀርመን ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች ከጨዋታ በኋላ በጋራ ሻወር ቤት በባዶ እግራቸው መመላለሱ አስቸግሯቸው ነበር። ወለሉ ያንሸራትታል፣ ከእግር ወደ እግር የሚተላለፈው ፈንገስም አለ። አዲ በ1960ዎቹ ስራውን ጀምሮ በ1972 ለገበያ ያቀረባት አዲሌተ የተባለችው ባለ ሶስት መስመር ነጠላ ጫማ የዚህ መልስ ነበረች። ዛሬ በየካፌው ካልሲ ላይ እያደረጓት የሚዘንጡባት ወጣቶች መነሻዋ የሻወር ቤት ፈንገስ መሆኑን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን? ሳምባ የሚባለውም ጫማ እንዲሁ በረዶ በጋገረው መሬት ላይ ለሚጫወቱ ኳስ ተጫዋቾች የተሰራ ነው። አሁን ከጂንስ ጋር የከተማ ፋሽን ሆኗል።

ለእኛ እግርስ?

ከዚህ ሰው ህይወት ተነስተን ለራሳችን ብንጠቀምስ? ጫማ የሚገዛው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እግር ሲውል ያብጣልና ጠዋት ልክክ ያለው ማታ ይቆነጥጣል። የብዙዎቻችን ሁለት እግር እኩል አይደለም፤ ጫማው መመረጥ ያለበት በትልቁ እግር ነው። ቆመው ሲሞክሩት ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይኑር። ታኬታ ሲሞክሩ ኳስ በሚጫወቱበት ካልሲ ይሁን። ይለቃል የሚለውን የሻጭ ምክር እንዳትሰሙ፣ ጥፍሬ ምስክር ነው!

እህቶቻችንም ይስሙን። አፉ የሾለና ታኮው የረዘመ ጫማ የሰውነትን ክብደት ወደ ፊት ገፍቶ ጣቶችን ያጨናንቃል። ለሰርግ ቀን ይሁን፣ በየቀኑ ሲሆን ግን የአውራ ጣት መገጣጠሚያ ወደ ጎን ወጥቶ እንዲያብጥ ምክንያት ይሆናል። የወንዶቹም ሹል ጫማ ከዚህ አያመልጥም።

ከጨዋታ በኋላ እግርን ታጥቦ በጣቶች መሃል ማድረቅ፣ የረጠበ ታኬታን ፌስታል ውስጥ ቋጥሮ አለማሳደር፣ የሰው ነጠላ ጫማ አለመዋስ ወጪ የለውም። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ እግሩን በየቀኑ ይይ። ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ትንሿ ቁስል ሳትታወቅ እስከ መቆረጥ ልታደርስ ትችላለች።

የወንዙ ማዶ

ሩዶልፍ በ1974 ሞተ። አዲ ደግሞ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1978 በ77 ዓመቱ አረፈ። ያቺ አንድ ክፍል የልብስ ማጠቢያ ያኔ በዓለም ላይ ከታወቁት የስፖርት ትጥቅ አምራቾች አንዷ ሆና ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች የተቀበሩት በአንድ መካነ መቃብር ውስጥ ነው፤ ግን በተቻለ መጠን ተራርቀው፣ አንዱ በዚህ ጫፍ አንዱ በዚያ ጫፍ። የሺህ ሰው እግር ያየና የት እንደሚያመው የጠየቀ ሰው የገዛ ወንድሙን የት ጋ እንዳመመው ሳይጠይቅ ቀረ። በ2009 የሁለቱ ኩባንያ ሰራተኞች ሜዳ ወጥተው አብረው ኳስ ተጫወቱ፣ ቂሙም ያኔ በይፋ ተዘጋ። ስልሳ ዓመት ፈጀ።

ለማንኛውም የፊታችን ቅዳሜ ሜዳ ስትወጡ፣ ግጥሚያው አልቆ ያ ልጅ ድንጋዩ ላይ ፊቱን እያጨማደደ ሲቀመጥ ካያችሁት፣ ስንት ነው ቁጥርህ ብላችሁ ጠይቁት። ዝምተኛው ጀርመናዊ በህይወት ቢኖር መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነበር።